በዱረቲ ክፍል የነበረው ሽማግሌ

የሁለት ሺህ ዘጠኝን ጥቅምት አልረሳውም። በሌላው ዓመት ጥቅምት አምቦ ላይ ደግ ወር ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ይጠነክራል፣ ከደንዲ በኩል የሚመጣው ነፋስ የደረሰ እህል ሽታ ይዞ ይገባል፣ ብርዱም ቢሆን «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ የሚቀልዱበት ብርድ ነው። የዚያ ዓመቱ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ሰው ተሰብስቦ እንዳይቆም ተብሏል። የስልኩ ኢንተርኔት ጠፍቷል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ባለሱቁ መዝጊያውን ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ባለባጃጁ ወደ ቤቱ ይነዳል፣ እናቶች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ያስገባሉ።

ከሁሉ የምንፈራው የበር መንኳኳት ነው። በሁለት ሺህ ስድስት ሚያዝያ ከተማው ሲታመስ የጎረቤታችን ልጅ በር ተንኳኩቶ ወጣ፤ እናቱ ነጠላዋን ደርባ እስክትከተለው ድረስ የለም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር የሚያውቅህ ሰው በር አያንኳኳም። ውጭ ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ «እኔ ነኝ፣ እገሌ ነኝ» ይላል። የሚያንኳኳ ከመጣ የማያውቀን ነው ማለት ነው። የማያውቀን ደግሞ ለምን እንደሚመጣ እናውቃለን።

ዱረቲን ተከራይ አድርጌ ያስገባኋት ከዚያ ጥቅምት በፊት በነበረው ክረምት ነው። የደንዲ ልጅ ናት፣ ከሐይቁ በታች ካለ የገበሬ ቤት። ነርስነት ተምራ እጃጂ ጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመት ሠርታ ወደ አምቦ ተዛውራ መጣች። ረጅም ናት፣ ፍንጭት፤ ስትራመድ ውኃ የተሸከመች ይመስል አንገቷን አታንቀሳቅስም። በኦሮምኛ ስታወራ እንደ ክረምት ወንዝ ነበረች፤ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ የሰውን አነጋገር ማስመሰሉ። አማርኛ ላይ ስትመጣ ግን እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ስቀውባታል መሰለኝ። እንግሊዝኛ ላይ ስትመጣማ እጅም አያስፈልጋትም፣ ድምፁ ራሱ አይወጣም። በወረቀት ከሆነ አንደኛ ነች፤ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ፈተና ታልፋለች። ተናገሪ ካሏት ጉሮሮዋ ይዘጋል።

በዚህ ምክንያት አንድ ትልቅ ነገር አምልጧት ነበር። የጤና ባለሙያ የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥራት ጠርቷት፣ በፈታኞች ፊት ቆማ በእንግሊዝኛ እንድታስተምር አዘዟት። ቆመች። አፏን ከፈተች። ምንም የለም። አንደኛው ፈታኝ በአማርኛ «በቃ፣ ተቀመጪ» አላት። እሷ ይህንን ስትነግረኝ ያፈረችው እዚያ ቆማ ሳይሆን እኔ ፊት ተቀምጣ ይመስል አንገቷን ደፋች። ደግነቱ ውጤቷ ጥሩ ስለነበረ ጥር ላይ ተመልሰሽ ሞክሪ ብለዋታል። ከጥር ወዲያ ሌላ ዕድል የለም።

ጊንጪ ተማሪ ሳለች ያስተማራት መምህር ሂርጳ የሚባል አንድ ጡረተኛ ነበር። ሄዳ አለቀሰችበት። እሱ ግን አላለቀሰላትም። ሰዋስው አሥራ ሁለት ዓመት በልተሻል፣ ምላስሽ ግን ጾመኛ ነው አላት። ከዚህ በኋላ የትምህርት መጽሐፍ አትክፈቺ፤ ልቦለድ አንብቢ፣ ሰው ከሰው የሚጣላበትን፣ የሚለማመጥበትን፣ የሚዋሽበትን። በዓይንሽ አይደለም፣ በአፍሽ፤ ከገደሉ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠሪ አድርገሽ። ይህን ብሎ ሽፋኑ የወለቀ፣ የመጨረሻ ቅጠሎቹ የተቀደዱ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሰጣት።

እንዲህ ነው ንባቡ የተጀመረው። መጀመሪያ ብቻዋን ሞከረች፤ እኔ በጭቃው ግድግዳ በኩል እሰማለሁ፣ ትንሽ ትልና ዝም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቆማ «ሀርሜ» አለችኝ። እናቴ ማለቷ ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

«ሀርሜ፣ የሚሰማኝ ሰው ከሌለ ድምፄ አይወጣም። የሚሰማኝ ሰው ካለም አይወጣም። አንቺ ደግሞ አይገባሽም፣ ስለዚህ አላፍርሽም። ነይ ተቀመጪልኝ።»

እውነቷን ነው፣ አይገባኝም። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ኩባያዬን ይዤ ሄጄ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና መጀመሪያ ታሪኩን በኦሮምኛ አጫወተችኝ። በባሕር ዳርቻ አንድ ቤት አለ። እናትና ልጅ ይኖሩበታል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሳል የያዘው ሽማግሌ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ አባትሽ ነኝ ይላል። እናቲቱ አትክፈቺ ትላለች። ልጅቷ መሐል ላይ ናት። መጽሐፉ በሙሉ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ በር፣ አንድ ደጅ የቆመ ሰው።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አንኳኳ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ የአልጋውን እንጨት በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ኳ አደረገች። እኔ ከበርጩማው ተነሥቼ ቆምኩ። አየችኝና መጽሐፉን ዘጋች፣ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ አንድ ነገር አሰበች፤ ከዛሬ ጀምሮ የምታንኳኪው አንቺ ነሽ አለችኝ። እኔ ጣቴን ሳነሣ አንቺ ታንኳኪያለሽ። ራስሽ ያንኳኳሽው አያስፈራሽም።

እንደዚያ አደረግን። ጣቷን ታነሣለች፣ እኔ በርጩማውን ኳ ኳ ኳ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ሽማግሌው ይመጣል። ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣባት አላውቅም። ከደረቷ ሥር ይመጣል፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ መሐሉ ላይ ሳል ያለበት። እናቲቱ ቀጭንና ደረቅ ነበረች፣ ልጅቷ ራሷ ዱረቲ። ቃሉ ሳይገባኝ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚለምን፣ ማን እንደሚዋሽ አውቅ ነበር። ገና ስትጀምር በየቃሉ እየቆመች ነበር፤ በኋላ ግን ሽማግሌው ሲናገር አፏ አይደናቀፍም። ራሷ ሆና ስትናገር የሚይዛት ያ ነገር እሱን አይዘውም።

አጥሩ ማዶ ያለችው ጥሩነሽ ግን ይህን አታውቅም። መሐላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ጠርታኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ሸዋዬ፣ ልጅቷ ሰው ታስገባለች።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሽማግሌ ነዋ። ስንት ጎረምሳ ባለበት አገር ሽማግሌ! ደግሞ የታመመ ነው፣ ሲያስል እሰማለሁ። ፈረንጅኛ ነው የሚያወራት።»

ከመጽሐፍ ነው አልኳት፣ ልጅቷ ናት የምታነበው። ጥሩነሽ በሽሙጥ አየችኝ። «መጽሐፍ ያስላል እንዴ፣ ሸዋዬ?» አለች። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና መስከረም ነበር፣ ይሳቃል።

አዋጁ ሲመጣ ሳቁ ቀረ። ሰዎች በየቤቱ እየተሰበሰቡ ይማከራሉ፣ ከውጭ አገር ጋር ይነጋገራሉ እየተባለ ፍተሻ ሆነ። እኔ ዱረቲን ተይው አልኳት። በፈረንጅ አፍ፣ በሦስት ሰው ድምፅ፣ በዚህ ጊዜ? በሹክሹክታ አንብቢ። ሞከረች። ሁለት ሦስት ቀን እንደ ንስሐ ስታንሾካሹክ ቆይታ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በሹክሹክታ ያነበብኩት አፌ ላይ አይቀርም፣ ጥር ደግሞ እየመጣ ነው አለችኝ። መስኮቱን ዘጋን፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ሰው ሲበዛ ብቻ አንብቢ አልኳት። እሷ ስታነብ እኔ የማዳምጠው ግን መንገዱን ነበር።

የመጡበት ቀን ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ ነበረች። ዱረቲ ያነበበችው ሽማግሌው ለሁለተኛ ጊዜ የሚመለስበትን ቦታ ነው። ጣቷን አነሣች። ኳ ኳ ኳ አለ። እሷም በሽማግሌው ድምፅ ጮክ ብላ ቀጠለች፣ አሳለችም። እኔ ግን እጆቼን አየሁ። ሁለቱም ኩባያውን ይዘዋል። እኔ አላንኳኳሁም።

ፊቴን ስታይ ገባትና ድምጿ መሐል ላይ ተቆረጠ። የውጭው በር እንደገና ተንኳኳ።

ሦስት ወታደሮች ናቸው፣ ከእነሱ ጋር አንድ የቀበሌ ሰው። አለቃቸው ረጋ ያለ ነው፤ ረጋ ያለውን ነው የምፈራው። ስንት ሰው አለ እዚህ ቤት አለኝ። ሁለት ነን አልኩት፣ እኔና ተከራዬ።

«እማማ፣ ወንድ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን። በሩ ላይ ቆሜ።»

አንደኛው ወታደር፣ ወጣቱ፣ ገብቶ ከአልጋው ሥር አየ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ገፈፈ። መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል ተባለ። ሁለተኛው ከኋላ ያለውን አጥር ዞሮ መጥቶ፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ሊዘለው ይችላል አለ። ሁለት ኩባያ ተገኘ። አንዱ የእኔ ነው አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። የቀበሌው ሰው ጥሩነሽን ጠርቶ አመጣት። ነጠላዋ አንድ ጎኑ መሬት ይጎተታል። አለቃው እዚህ ቤት ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አላት። አላየሁም አለች። ሰምተሽስ? ጥሩነሽ እኔን አየች፣ ጠመንጃውን አየች።

«ሽማግሌ አለ» አለች። «ሲያስል እሰማለሁ።»

አልፈርድባትም። የሰማችውን ነው የተናገረችው።

ዱረቲ መጽሐፉን ዘረጋችለት። እያነበብኩ ነው፣ ለፈተና ነው፣ ድምፁ የእኔ ነው አለች፤ ግን አማርኛዋ ተሰባበረ፣ እጇ ወዲያው አፏ ላይ ሄደ። እውነት የምትናገር ሰው አትመስልም ነበር። አለቃው መጽሐፉን አገላብጦ መለሰላት።

«አንቺ ከሆንሽ አንብቢው። እንዳነበብሽው አድርገሽ።»

ያኔ ነው የሞትኩት። ይህች ልጅ በሰው ፊት መናገር የማትችል ልጅ ናት። የኮሌጁ ፈታኞች ጠመንጃ አልያዙም፣ እነሱ ፊት እንኳ ድምጿ አልወጣም። ገጹን ገለጠች። አንድ ነገር ወጣ፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ ከጉሮሮ የማያልፍ። አለቃው ጥሩነሽን አየ። ጥሩነሽ ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም። እንደገና አንብቢ አላት። ጭራሽ ጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«የሰማሁት ይህን አይደለም» አለ አለቃው፣ አሁንም ረጋ ብሎ። «ሰውዬው እስኪገኝ ድረስ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ። ጫማሽን አድርጊ።»

ዱረቲ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። እኔ የክፍሏ መዝጊያ አጠገብ ቆሜያለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ የወጣ ዕለት እሱም ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲፈልግ እናቱ አይታዋለች። እጄ ነው ያደረገው ብል ይሻላል፣ እኔ አላሰብኩትም። በሩን ኳ ኳ ኳ አደረግሁ።

ሁሉም ዘለሉ። ወጣቱ ወታደር ዞሮ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ አነጣጠረ። የአፈሙዙን ቀዳዳ ዛሬም አየዋለሁ። በዚያው ቅጽበት፣ ዱረቲ ገና እንዳጎነበሰች፣ ሽማግሌው ተናገረ። ወፍራሙ፣ ሻካራው። አንድ ጊዜ አሳለና ንግግሩን ቀጠለ። ዱረቲ ቀና ስትል ዓይኗ የትም አልነበረም፤ መጽሐፉንም አላየችም። ሽማግሌው ለመነ፣ እናቲቱ በደረቅ ድምጿ መለሰችለት፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ ሽማግሌው እንደገና። ማቆም ያቃታት መሰለኝ።

«ወይኔ» አለች ጥሩነሽ፣ «እሱ ነው። ሳሉም እሱው ነው።»

ወጣቱ ወታደር ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። አለቃው አልሳቀም። እስክትጨርስ ቆሞ ሰማት።

«ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?»

«በሩን ክፈቱልኝ ነው የሚለው» አለች ዱረቲ።

«ይከፍቱለታል?»

«መጨረሻው ተቀዷል። አላውቅም።»

አለቃው መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ብብቱ ሥር አደረገ። ይህን እኛ እናየዋለን አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ግቢ የወንድም የሴትም የፈረንጅ ድምፅ እንዳልሰማ፤ ሁለተኛ ከመጣሁ አላስነብብም። ወጡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ዱረቲ ጫማዋን አንድ እግሯ ላይ ብቻ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት። ሳይመሽ ከአጥሩ ማዶ «ጥሩነሽ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ፤ እያለቀሰች ነው። ይቅር በዪኝ ትላለች። ዱረቲ ቆይታ፣ በኦሮምኛ፣ «ሽማግሌውን እኮ ወሰዱት፣ ከእንግዲህ ተኝተሽ ታድሪያለሽ» አለቻት። ቀልድ ነው፣ ግን ማናችንም አልሳቅንም። መጽሐፉ አልተመለሰም። ሄዶ የሚጠይቅም አልነበረም።

ለጥር የቀረው ጊዜ እያጠረ ሄደ። ዱረቲ ከሥራ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ግድግዳ እያየች ትተኛለች። እኔ ደግሞ ድምፅ አውጪ ልላት አልችልም፤ ያ የአፈሙዝ ቀዳዳ አለ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ እህል ይዘን ወፍጮ ቤት ወረድን። ወፍጮ ቤት ታውቃላችሁ፣ ሞተሩ ሲነሣ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጅ ነው። ተራ ስንጠብቅ አንድ ነገር ልንገራት አፌን ከፈትኩ፣ የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም። ዱረቲ አፌን አየች። ከዚያ ዙሪያዋን አየች፤ ሁሉም አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ማንም አይሰማም። በማግስቱ ጥቂት በቆሎ ይዛ ብቻዋን ወረደች። ከዚያ በኋላ እኔም እየተከተልኳት እሄድ ጀመር።

ከጆንያዎቹ ጀርባ ዱቄቱ በሚበንንበት ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ጨፍና ባላት ድምፅ ሁሉ ትናገራለች። ሴቶቹ ሲያዩዋት እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ፤ ጴንጤ ናት፣ ጸሎት ላይ ናት ይላሉ። አንዷማ ለእኔም ጸልዪልኝ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። እኔ ከጎኗ ሆኜ ጣቷን ስታነሣ ጆንያውን በእጄ እመታለሁ። አንድ ቀን ሁለት ወታደሮች ስንቅ ሊያስፈጩ ገብተው አጠገባችን ቆሙ። እሷ ዓይኗን አልገለጠችም፣ አላቆመችምም። ቆመው አዩዋትና አንደኛው ለአክብሮት ኮፍያውን አወለቀ።

መጽሐፉ የለም፤ የምትናገረው ያስታወሰችውን ነው። የረሳችው ቦታ ላይ ደግሞ ከራሷ ትጨምራለች። እየዋለ እያደረ ከራሷ የምትጨምረው በዛ። አንድ ቀን ዱቄት በዱቄት ሆነን ወደ ቤት ስንወጣ ቆም አለች።

«ሀርሜ፣ ዛሬ መጨረሻውን አገኘሁት። ከየትም አይደለም፣ ከራሴ። በእንግሊዝኛ ነው የመጣልኝ።»

«ከፈቱለት?»

«ልጅቷ ‹አታንኳኳ፣ ስምህን ተናገር› አለችው። ተናገረ። ከፈተች።»

ጥር ላይ ለፈተናው ሄደች። እኔ ቀኑን ሙሉ የውጭውን በር እያየሁ ዋልኩ። የሆነውን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። ፈታኞቹ እነዚያው ናቸው፣ «ተቀመጪ» ያላትም አለ። ጀምሪ ሲሏት ጉሮሮዋ ያው ተዘጋ። እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ሲል አወረደችውና ከጠረጴዛው ሥር ኳ ኳ ኳ አደረገች። አንዱ ፈታኝ ወደ በሩ ዞሮ «ግቡ» አለ። ማንም አልገባም። እሷ ግን ጀምራ ነበር፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚሞቅ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ትንፋሽ ካጣ ምን እንደሚደረግ። በምን ድምፅ አልኳት። በራሴ አለች፤ መጀመሪያ ላይ ብቻ ትንሽ የሽማግሌው ነበረበት።

ተቀጠረች። አራት ዓመት ያህል እዚያ አስተማረች፣ የእኔንም ቤት አልለቀቀችም። አዋጁ ተነሣ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ተነሣ። ጥሩነሽና እሷ እንደ እህት ሆኑ። ቀንዓ የሚባል የእንጭኒ ልጅ አገባች፣ አስተማሪ ነው። የቀንዓ አባት ዓይናቸው ሲጠፋ የሚጦራቸው ስላልነበረ ኮሌጁን ትታ ወደዚያ ተዛወረች፤ ጤና ጣቢያ ገባች። ስትሄድ በርጩማዋን ለእኔ ተወችልኝ።

ከእንጭኒ ትደውልልኝ ነበር። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ የለም፤ መጀመሪያ ሽማግሌው ያስላል፣ ከዚያ ትስቃለች። በኋላ መንገዱ እየተዘጋ፣ ኔትወርኩ እየጠፋ፣ ጥሪው እየራቀ መጣ። ወሬ እሰማለሁ፣ እዚያ ማዶ ተኩስ ነበር፣ እዚህ ማዶ ሰው ተወሰደ ይላሉ። መጨረሻ የደወለችው አምና ከመስቀል በኋላ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል። ምሽት ላይ የመንደሩን ልጆች ሰብስቤ እንግሊዝኛ አስነብባለሁ አለችኝ፤ ድምፃችሁን ቀንሱ ልላት ስል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አይነሣም።

ዘንድሮ በጥምቀት ማግስት ከእንጭኒ ገበያ ቅቤ ይዛ የመጣች ነጋዴ አይቻታለሁ አለችኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ ቆማ ነበር፣ ደህና ናት አለች። እስከማውቀው ዱረቲ ያለችው እዚያ ነው፤ እንጭኒ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ከቀንዓና ከአባቱ ጋር።